ስታቲክ ድረ ገጽ ላይ ቻርት ስታስገቡ

ተራ ኤችቲኤምኤል ገጽ ላይ፣ ሲነኩት ቁጥሩን የሚያሳይ ቻርት ለማስገባት ዳታቤዝም ፍሬምወርክም አያስፈልግም፤ ቻርት የሚስለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ፣ ቻርት ጄኤስ፣ ብቻውን ይበቃል። ስሙ ላይ ዩኤምዲ (umd) የሚል ያለበትን የላይብረሪውን ፋይል አውርዳችሁ ከገጹ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት። ከሲዲኤን (እንዲህ ያሉ ፋይሎችን በኢንተርኔት ከሚያቀርብ ሰርቨር) የምትጠሩት ከሆነ የቨርዥን ቁጥሩን ሊንኩ ላይ ጻፉ፤ ያለዚያ አዲስ ቨርዥን በወጣ ቀን ቻርቱ ሳትነኩት ሊበላሽ ይችላል።

ካንቫሱን፣ ማለትም ቻርቱ የሚሳልበትን የኤችቲኤምኤል ታግ፣ ለብቻው ዲቭ ውስጥ አድርጉት፤ የዲቩ ፖዚሽን ሪሌቲቭ፣ ቁመቱ ለምሳሌ 320 ፒክስል ይሁን። ቻርቱ በራሱ ከተተወ ስፋቱን የቁመቱ እጥፍ ስለሚያደርግ ስልክ ላይ ይጨፈለቃል። «ሜንቴይን አስፔክት ሬሾ» (maintainAspectRatio) የሚለውን የቻርቱን ኦፕሽን ፎልስ ስታደርጉት የዲቩን ቁመት ይከተላል። ቻርቱን የሚፈጥረው ስክሪፕት ከካንቫሱ በታች ይግባ።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ዳታው ላይ ነው። ገጹን ደብል ክሊክ አድርጋችሁ ስትከፍቱት ብራውዘሩ ዳታው ያለበት ጄሰን ወይም ሲኤስቪ ፋይል በፌች (ፋይል በሚጠራው የጃቫስክሪፕት ፈንክሽን) እንዳይነበብ ይከለክላል፤ ኮዳችሁ ምንም ችግር ላይኖርበት ይችላል፣ በከንቱ አትፈትሹት። ፓይተን ካላችሁ በኤችቲቲፒ ሰርቨር ሞጁሉ ፎልደሩን አስነሱና በሎካልሆስት ፖርት 8000 ክፈቱት። ደግሞ ከሲኤስቪ የሚመጣ ቁጥር ጽሑፍ ነው፤ «1,200» ኮማው ሳይወጣ ወደ ቁጥር ከተቀየረ ናን (NaN፣ «ቁጥር አይደለም» ማለት ነው) ይሆንና መስመሩ እዚያ ላይ ይቆረጣል።

ተጠቃሚው ዓመት ወይም ምድብ ሲመርጥ የሚቀያየር ቻርት ከሆነ፣ የነበረውን ዳታ ቀይራችሁ አፕዴት የሚለውን ፈንክሽን ጥሩ። በዚያው ካንቫስ ላይ ሌላ ቻርት ብትፈጥሩ «ካንቫሱ ተይዟል» የሚል ኤረር ይመጣል።