በራስ ላይ በር መቆለፍና ሌሎች የሊኑክስ ኔትወርክ ስህተቶች

አንድ ዓርብ ማምሻ ላይ ከከተማው ማዶ ባለ ሰርቨር የፋየርዎል (የሚያልፈውንና የሚታገደውን የሚለይ የኔትወርክ አጥር) ሕግ ልቀይር ተነሣሁ። መጀመሪያ ወደ ሰርቨሩ የሚገባው ሁሉ እንዲታገድ አዘዝኩ፤ ቀጥዬ ከሩቅ ለምገባበት ለኤስኤስኤች 22 ቁጥር ፖርትን (የኔትወርክ በር) ልከፍት ነበር። ያ «ቀጥዬ» ግን አልመጣም። ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። ታክሲ ይዤ ሄድኩ፤ የሰርቨሩን ክፍል ቁልፍ የያዘው ሰው እስኪገኝ መሸ።

ጥፋቴ የሕጎቹ ቅደም ተከተል ብቻ አልነበረም፤ መመለሻ ሳላበጅ ከሩቅ መንካቴ ጭምር ነው። ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የኔትወርክ አድራሻ ሲቀይሩ «ኔትፕላን ትራይ» የሚለው ትዕዛዝ በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላረጋገጡለት የቀድሞውን ይመልሳል። ለፋየርዎል «አይፒቴብልስ አፕላይ» ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። እሱም ከሌለ አሮጌዎቹን ሕጎች በፋይል አስቀምጠው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተመልሰው እንዲጫኑ ቀጠሮ ይያዙ። ቀጠሮውን የሚሰርዙት በሌላ መስኮት እንደ አዲስ መግባት ሲችሉ ብቻ ነው። የተከፈተው መስኮት መሥራቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ፋየርዎሉ ነባሩን ግንኙነት እያሳለፈ አዲሱን ሊያግድ ይችላል።

በአሮጌ መሣሪያ መተማመን ሌላው ነው። የማሽኑን አድራሻ የሚያሳየውን አይኤፍኮንፊግን ጣታችን ስለለመደው አንለቀውም። ነገር ግን «አይፒ» በተባለው ትዕዛዝ በአንድ የኔትወርክ ካርድ ላይ የተጨመረን ሁለተኛ አድራሻ ላያሳይ ይችላል። እርስዎ «የለም» ይላሉ፤ አድራሻው ግን አለ። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ከእ.ኤ.አ. 2017ቱ ዘጠነኛ እትም ጀምሮ አይኤፍኮንፊግንና ግንኙነቶችን የሚዘረዝረውን ኔትስታትን ከነባሪ ጭነቱ አውጥቷቸዋል። በቦታቸው «አይፒ» እና «ኤስኤስ» አሉ፤ ለመልመድ አንድ ሳምንት ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ሰው ሲሳሳትበት የማየው በኔትወርኩ የሚያልፉትን ፓኬቶች (የዳታ ቁራጮች) የሚያሳየውን ቲሲፒደምፕን ነው። በኤስኤስኤች ገብተው ያለ ማጣሪያ ካስነሡት ስክሪኑ እንደ ክረምት ጎርፍ ይወርዳል፤ ጎርፉ ግን በአብዛኛው የራስዎ ነው። የሚታየው እያንዳንዱ መስመር ወደ ኮምፒውተርዎ የሚመጣው በፓኬት ነው፤ ያ ፓኬት ደግሞ ሌላ መስመር ይወልዳል። ስለዚህ የራስዎን ግንኙነት ከማጣሪያው ያስወጡ። «ኤን» የምትለዋን አማራጭም አይርሱ፤ ያለ እርሷ ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን አድራሻ ስም፣ ስምና አድራሻ ከሚያዛምደው የዲኤንኤስ ሰርቨር ይጠይቃል። የዲኤንኤስ ችግር እየፈለጉ ከሆነ የራስዎን ጥያቄ እንደ በሽታው ምልክት ይቆጥሩታል።

እዚያው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከማሽኑ የሚወጡት ፓኬቶች «ቼክሰም (ፓኬቱ አለመበላሸቱ የሚጣራበት ቁጥር) ስህተት ነው» የሚል ጽሑፍ ይዘው ሊታዩ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ኬብል የቀየረ ባልደረባ ነበረኝ፤ በማግስቱ ካርዱንም ሊቀይር ሲል ደረስኩ። ቲሲፒደምፕ ፓኬቱን የሚያየው ወደ ኔትወርክ ካርዱ ከመድረሱ በፊት ሲሆን፣ ብዙ ካርዶች ደግሞ ቼክሰሙን ራሳቸው ያሰላሉ። ኬብሉ ምንም አልሆነም። ጥርጣሬ ካለዎት በተቀባዩ ማሽን ላይ ይመልከቱ።

የያዙትን ፓኬት በፋይል አስቀምጠው፣ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ በዋየርሻርክ ይክፈቱት። በእ.ኤ.አ. 1998 ኢተሪያል ተብሎ የተጀመረው ይህ ፕሮግራም ማንነቱን ከማያውቁት ሰው የመጣ ዳታ ስለሚተነትን፣ በሩት (ሁሉን በሚችለው አስተዳዳሪ) ሥልጣን ማስኬድ አይገባም።

«ለደኅንነት» ተብሎ አይሲኤምፒን (የኔትወርክ ስህተት መልእክቶች የሚላኩበትን መንገድ) ሙሉ በሙሉ መዝጋትም የታወቀ ስህተት ነው። ፒንግ (ማሽኑ መልስ ይሰጥ እንደሆነ መጠየቂያ) መከልከል ብቻ ይመስላቸዋል። «ፓኬቱ ትልቅ ነው፣ አሳንሰህ ላክ» የሚለው መልእክት በዚያው በር ነው የሚመጣው። ሲዘጋ ውጤቱ ግራ ያጋባል፤ መግባት ይቻላል፣ አጫጭር ትዕዛዞች ይሠራሉ፣ ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን ሁሉም ቀጥ ይላል። በተለይ እንደ ዋየርጋርድ ያለ ቪፒኤን (የተመሰጠረ የግል መተላለፊያ) መካከል ላይ ካለ ችግሩ ይብሳል፤ የእርሱ የተለመደ የፓኬት መጠን 1420 ባይት ሲሆን የኢተርኔቱ 1500 ነው።

ፕሮግራሞችን ለየብቻ አሽጎ የሚያስኬደውን ዶከር የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ የፋየርዎል ማዘዣው ዩኤፍደብልዩ «ተዘግቷል» ስላላቸው ይተኛሉ። ዶከር ለውጭ የሚከፍተው ፖርት ዩኤፍደብልዩ በሚጠብቀው በር አያልፍም፤ የራሱን ሕግ በሌላ ሰንሰለት ላይ ይጽፋል። ዳታቤዝ ለዓለም ተከፍቶ ያየሁት እንዲህ ነው። ፖርቱን ለ127.0.0.1 (ለማሽኑ ለራሱ) ብቻ ይክፈቱ፤ ከዚያ ከሌላ ኔትወርክ ሆነው ክፍት ፖርት በሚፈልገው በኤንማፕ ይፈትሹ፣ የራስዎን ሰርቨር ብቻ።

በእጅ የተጻፈ የ«አይፒ» ትዕዛዝ ማሽኑ ሲነሣ እንደሚጠፋ ሁሉም ያውቃል፣ መብራት እስኪሄድ ድረስ።

ሰዓትም አለ። ተጠቃሚው ደውሎ «ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ተቋረጠ» ይላል። ያ ማለት በአገራችን አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጅ ሰዓት 21፡00፣ ሰርቨሩ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ በሚቀረው የዓለም ሰዓት፣ በዩቲሲ፣ ከተዋቀረ ደግሞ መዝገቡ ላይ 18፡00 ነው። አንድ ጀማሪ 03፡00 ላይ ያለውን መዝገብ ግማሽ ቀን ሲያገላብጥ አይቻለሁ፤ ያን ሰዓት ሁሉም ሰላም ነበር። የሁሉንም ማሽኖች ሰዓት ክሮኒ በተባለው የሰዓት ማመሳሰያ ፕሮግራም ያስተካክሉ፤ ስልኩን የሚያነሣው ሰው ደግሞ «በየትኛው ሰዓት?» ብሎ ይጠይቅ።