ነገ መንገድ አለን፣ ዛሬ ልጅ አስመለሰ

ሻንጣው ተሸክፏል። ላንጋኖ ክፍል ተይዟል። አማቴ «ዳቦ ደፍቻለሁ፣ ስትወጡ በኔ በኩል እለፉ» ብለው ደውለዋል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ልጅቷ አልጋዋ ላይ አስመለሰች።

ይሄ እኛ ቤት ሁለት ጊዜ ደርሷል። የመጀመሪያ ጊዜ ሄድን። መሄድ አልነበረብንም። ሐኪም አይደለሁም፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከዚያ ወዲህ ጠይቄና አንብቤ የምሠራበትን ነው የምጽፍላችሁ።

ሌሊት አስመለሰ፣ ጠዋት ግን ይጫወታል

ከሁሉም የሚያሳስተው ይሄ ነው። ሮታ እና ኖሮ የሚባሉት ቫይረሶች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በማስመለስ ነው። ተቅማጡ ከሰዓታት በኋላ ይከተላል። በመሃል ልጁ ደህና ይመስላል፣ ይስቃል፣ ቁርስ ይጠይቃል። እኛም በዚህ ተታለልን። ሞጆ ስንደርስ ዝም አለች። መቂ ላይ ተቅማጡ ጀመራት። ዳይፐሩ፣ ቀሚሷ፣ የመኪናው ወንበር፣ ምኑ ቅጡ።

መፍትሄው ያን ቀን አለመውጣት ነው። እስከ ማታ ከጠጣ፣ ከበላ፣ ከሸና፣ ደግሞም ካላስመለሰ፣ ያልተስማማው ምግብ ሊሆን ይችላል። በማግስቱ ቤተሰቡ ብቻውን ቢወጣ አልቃወምም። የምትሄዱት ሌሎች ልጆች ወዳሉበት ከሆነ ግን ታች ያለውን የ48 ሰዓት ነገር አንብቡ።

ያጠጣሁትን ሁሉ ይመልሰዋል

ብዙ ጊዜ ችግሩ መጠኑ ነው። የጠማው ልጅ ብርጭቆ ካገኘ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል፣ የታመመ ሆድ ደግሞ ያንን አይችልም።

አስር ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ በሻይ ማንኪያ፣ በየአንድ ሁለት ደቂቃው አንድ። ያን ሌሊት መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ጭኔ ላይ አስቀምጫት፣ ስልኬ ላይ ደቂቃ እየቆጠርኩ ነው ያጠጣኋት። ከንፈሯ ከመድረቁ የተነሳ ማንኪያው ላይ ይጣበቅ ነበር። አስረኛዋን መለሰችው። እንደገና አስር ደቂቃ ጠበቅን፣ እንደገና ጀመርን። በየሁለት ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ በሰዓት 150 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሁለት የቡና ስኒ ገደማ ነው፣ ቀላል አይደለም።

የሚጠጣው ኦአርኤስ ነው፣ ለምለም የምንለው፣ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካው ዱቄት። እዚህ አገር የለመድነው ከረጢት የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ነው። እኔ መንገድ ላይ ሙሉውን በግማሽ ሊትር ሃይላንድ በጠበጥኩት። ባቱ የገባንበት ፋርማሲ ያለችው ልጅ ስታይ ደነገጠች። ጨዉም ስኳሩም እጥፍ ሆኗል፣ ለትንሽ ልጅ ደግሞ አደገኛ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ለ200 ሚሊ ሊትር የሚሆን ትንሽ ከረጢት ሊያጋጥማችሁ ስለሚችል የተጻፈውን አንብቡ። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ።

ባስቀመጠው ቁጥር፣ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ከ50 እስከ 100፣ ከዚያ በላይ ላለ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ስጡት። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡቱን ይቀጥል፣ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ።

ለስላሳ ከጠጣ በኋላ ባሰበት

የሚጠበቅ ነው። ብዙ ስኳር ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፣ ተቅማጡም ይጨምራል። የታሸገ ጁስም ያው ነው። በምትኩ የሩዝ ውሃ ወይም ስኳር ያልበዛበት ቀጠን ያለ አጥሚት ይሻላል።

«ሆዱ ይረፍ» ብሎ ማስራብም ትክክል አይደለም። ማስመለሱ ጋብ ሲል የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ እርጎ፣ አልጫ ፍትፍት በትንሽ በትንሹ። ዚንክ ደግሞ አትርሱ። ከስድስት ወር በላይ ለሆነ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ በታች ለሆነ 10፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ብዙዎቻችን ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ እንረሳዋለን። ጉዞ ከሄዳችሁም ይዛችሁት ሂዱ።

«ጥርስ ሊያወጣ ነው»

አይደለም። ጥርስ የሚያወጣበት ዕድሜ የሚድህበትና ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከትበት ዕድሜ ነው። ተቅማጡን የሚያመጣው የገባው ጀርም ነው። እንደማንኛውም ተቅማጥ አክሙት። ድዱን አስነክቶ ጥርስ ማስነቀል፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ እባካችሁ በፍጹም። ሰበታም ሆነ ደብረ ብርሃን ያሉ አክስት ቢመክሩም በፍጹም።

የሚያስመልሰው መኪና ውስጥ ብቻ ነው

መኪና ሲቆም ከተሻለው፣ ትኩሳትና ተቅማጥ ከሌለው መንገዱ ነው ያዞረው። ስልክ አታስይዙት፣ ወደ ፊት ይመልከት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ቆም ቆም በሉ።

እሱ ሲሻለው እህቱ ጀመራት

ኖሮ ቫይረስ በሳኒታይዘር በደንብ አይሞትም። ሳሙናና ውሃ ያስፈልጋል፣ በተለይ ዳይፐር ከቀየራችሁ በኋላ። ፖፖውንና ሽንት ቤቱን በበረኪና። ፎጣ ለየብቻ።

ለመጨረሻ ጊዜ ካስመለሰ ወይም ካስቀመጠው በኋላ 48 ሰዓት እስኪሞላ ልደት፣ ክርስትና፣ ኬጂ አይወሰድም። እኛ አገር ልጆች ከአንድ ትሪ ይበላሉ፣ ያገኛቸው ሁሉ ያጎርሳቸዋል። ለጋባዡ እውነቱን ንገሩት፣ «ትንሽ ጉንፋን ነገር» አትበሉ። መዋኛ ገንዳ ከሆነ ሁለት ሳምንት ብትታገሱ ይመረጣል፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተውሳክ በክሎሪን ውስጥም ብዙ ቀን ይኖራል።

የሮታ ክትባት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በመደበኛው ክትባት ውስጥ አለ፣ የሚጀመረውም በስድስተኛው ሳምንት ነው። ሁሉንም ተቅማጥ አይከላከልም። ከባዱን ሮታ ግን በእጅጉ ይቀንሳል።

ሻንጣ ተዉና ሐኪም ቤት ሂዱ

ደም ያለበት ሰገራ። አረንጓዴ ትውከት። ምንም አልጠጣ ማለት። የጎደጎደ ዓይን፣ እንባ የሌለው ለቅሶ፣ የጎደጎደ እርግብግቢት። ለስድስት ሰዓት ያህል አለመሽናት። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ስትለቁት ቀስ ብሎ የሚመለስ ከሆነ። ዝልፍልፍ ካለ ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረ ደቂቃ አታባክኑ። ከስድስት ወር በታች ከሆነ ይህን ሁሉ ሳትጠብቁ አሳዩት። ተቅማጥ ማቆሚያ ኪኒን ወይም ከባለፈው የተረፈ አንቲባዮቲክ በራሳችሁ አትስጡ። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ሰገራው ይመርመር፣ ጃርዲያ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጊዜ ላይ ገና በሌሊቱ ወሰንን፣ ጠዋት ለአማቴ ደወልን። ዳቦውን ይዘው እሳቸው መጡ። እኔ እንቅልፌን ስተኛ ማንኪያውን ይዘው ሲቆጥሩላት አረፈዱ። ላንጋኖ የሄድነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አሁን ክፍል ስይዝ መጀመሪያ የምጠይቀው ቀን መቀየር ይቻል እንደሆነ ነው። መኪናው ውስጥ ሁለት ከረጢት ለምለም፣ ባዶ የአንድ ሊትር ሃይላንድ፣ የሻይ ማንኪያ፣ ሳሙና፣ ሦስት ቅያሪ ልብስና ብዙ ፌስታል አለ።