«መንጋጋ» በሚለው ቃል አጠቃቀም ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በብዛት የሚያጋጥመው ስህተት መንጋጋን ከአገጭ ጋር ማምታታት ነው። መንጋጋ ጥርሶች የተተከሉበት አጥንት በሙሉ ሲሆን፣ አገጭ ግን ከታችኛው ከንፈር በታች ወደ ፊት ወጣ ብሎ የሚታየው የዚሁ አጥንት ክፍል ብቻ ነው። የታችኛው መንጋጋ ከአገጭ ተነሥቶ በግራና በቀኝ እስከ ጆሮ ሥር ይዘልቃል፤ ጣትን ከጆሮ ፊት ለፊት አሳርፎ አፍን ከፈት ዘጋ ያደረገ ሰው መጋጠሚያው ሲንቀሳቀስ ይሰማዋል።

ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ቃሉ ሁለት ነገር መሰየሙ ነው። መንጋጋ አጥንቱም ነው፤ ከኋላ በኩል የሚገኙት፣ ምግብ የሚፈጩት ሰፋፊ ጥርሶችም መንጋጋ ይባላሉ። በወሬ መካከል ይህ ችግር አይፈጥርም፤ «መንጋጋዬን አስነቀልኩ» ያለ ሰው ስለ ጥርሱ እንደሚናገር ማንም አይስተውም። «በአደጋው መንጋጋው ተሰበረ» የሚል የጽሑፍ ዘገባ ግን አንባቢን ያወላውላል፤ አንዲት ጥርስ መሸረፏና የፊት አጥንት መሰበሩ በሕክምናም ሆነ በካሣ ፈጽሞ አይተካከሉምና። ጥርሱን ለማለት «የመንጋጋ ጥርስ»፣ አጥንቱን ለማለት «የመንጋጋ አጥንት» ብሎ መለየት፣ ወይም ለአጥንቱ «መንገጭላ» የሚለውን ቃል መጠቀም ይገባል። «ከአንበሳ መንጋጋ ማን ያወጣል ሥጋ» በሚለው ተረት ውስጥ ግን ጥርሱም አጥንቱም አብረው ስለሚታሰቡ መለየቱ ትርፍ ሥራ ነው።

«የላይኛው መንጋጋው ወለቀ» የሚለው አባባልም ስህተት ነው። የላይኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ከመጋጠሚያው የሚወልቀው የታችኛው ብቻ ነው። ስናኝክም፣ ስናዛጋም የሚንቀሳቀሰው እርሱው ነው፤ የላይኛውን ያንቀሳቅሳል እየተባለ ሲነገርለት የኖረው አዞ እንኳ ከዚህ ሕግ አይወጣም።

ስለ ቅሪተ አካል ሲጻፍ ደግሞ መንጋጋን «የራስ ቅል» ማለት ይዘወተራል። በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአፋር ክልል ሌዲ ገራሩ የተገኘው፣ ዕድሜው 2.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ግኝት፣ ጥርሶች ያሉት የታችኛው መንጋጋ የግራ ክፍል እንጂ የራስ ቅል አይደለም።

በመጨረሻም «መንጋጋ ቆልፍ» የሚለውን የቴታነስ በሽታ ስም ሰምቶ ሕመሙን የአጥንት ወይም የጥርስ አድርጎ መጻፍ አደገኛ ነው። ቴታነስ በቁስል በኩል የሚገባ ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ነርቮችን ሲያውክ የሚመጣ ሲሆን፣ የሚገታው የመንጋጋ ጡንቻ እንጂ አጥንቱ አይደለም። በሽታው ስሙን ያገኘው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ከሚታየው ከዚህ ምልክት ነው፤ የተያዘ ጨቅላ ሕፃን ደግሞ ጡት መጥባት ያቅተዋል።