ማንም መምህር ብቻውን ገብቶ የሚቀርጽበት የዩኒቨርሲቲ ስቱዲዮ እንዴት ይዘጋጃል?

አንድ ዩኒቨርሲቲ የቪዲዮ መቅረጫ ስቱዲዮ ለማቋቋም ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ውይይቱ የሚጀምረው ከካሜራ ምርጫ ነው። ከካሜራው በፊት ግን ስቱዲዮውን ማን ይጠቀምበታል የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት። የካሜራና የድምፅ ባለሙያ ተመድቦለት የሚሠራ ስቱዲዮ አንድ ነገር ነው፤ መምህሩ በሁለት ክፍለ ጊዜዎች መካከል ባገኘው ክፍተት ብቻውን ገብቶ አጭር ትምህርት ቀርጾ የሚወጣበት ክፍል ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ለተጠቃሚው የተተወ እያንዳንዱ ማስተካከያ፣ የብርሃን መጠንም ይሁን የድምፅ ከፍታ፣ አንድ ቀን በስሕተት ተነክቶ የአንድን ሰው ድካም ከንቱ ያስቀራል፤ ልፋቱ ከንቱ የቀረበት መምህርም ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ የንድፉ ሥራ በአብዛኛው እነዚህን ውሳኔዎች አንድ በአንድ አስቀድሞ መጨረስና መቆለፍ ነው።

የዚህ አሠራር ታዋቂ ምሳሌ በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀውና በኋላ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የተከተሉት «ዋን በተን ስቱዲዮ» ነው። ተጠቃሚው ፍላሽ ዲስኩን ሰክቶ አንድ ቁልፍ ሲጫን ቀረጻው ይጀምራል፤ መልሶ ሲጫን ይቆማል፤ ፋይሉንም በፍላሹ ይዞ ይወጣል። ካሜራው፣ መብራቱና ማይክሮፎኑ ሁሉ አስቀድመው የተስተካከሉ ስለሆኑ እጅ የሚያስነካ ነገር የለም። የግድ ይህንኑ ሥርዓት መግዛት ወይም መቅዳት አያስፈልግም፤ ሐሳቡን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መያዝ ያስፈልጋል።

ክፍሉን ሲመርጡ ከሁሉ አስቀድመው ጆሮዎን ይመኑ። መጥፎ ምስል ያለበትን ትምህርት ተማሪ ታግሦ ይከታተላል፤ ድምፁ የማይሰማውን ግን ወዲያው ይዘጋዋል። ስለዚህ ለእጩ ክፍሎች ሁሉ ቀላል ፈተና ያድርጉላቸው። ተማሪዎች ክፍል በሚቀያይሩበት ሰዓት ገብተው በሩን ይዝጉና የስልክዎን መቅረጫ ከፍተው ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ከዚያ ቀረጻውን በጆሮ ማዳመጫ ያድምጡት። ጆሮ የለመደውና የማያስተውለው የአየር ማቀዝቀዣ ድምፅ፣ የአሳንሰር ጉርምርምታ፣ የመጸዳጃ ቤት የውሃ ድምፅና የኮሪደር ኮቴ በቀረጻው ላይ ፍንትው ብለው ይወጣሉ። ቀጥሎ በክፍሉ መካከል ቆመው አንድ ጊዜ በኃይል ያጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ የሚርገበገብ የብረት ዓይነት ድምፅ ከተከተለ፣ ድምፁ ትይዩ በሆኑት ባዶ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው ማለት ነው። ይህኛው ችግር መድኃኒት አለው፤ ከውጭ የሚገባው ጫጫታ ግን ብዙ ወጪ ካልወጣበት በስተቀር አይወገድም፤ ስለዚህ ክፍል ሲመረጥ ሚዛን መድፋት ያለበት እርሱ ነው።

ብዙዎች የሚያምታቷቸውን ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ መለየት ይጠቅማል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስፖንጅ በክፍሉ ውስጥ የሚንጸባረቀውን ድምፅ ይቀንሳል እንጂ ከውጭ የሚመጣውን አያግድም። የውጩን የሚያግደው ክብደትና ክፍተት አለመኖር ነው፤ ማለትም ውስጡ ባዶ ያልሆነ ወፍራም በር፣ በበሩ ዙሪያና በታች የሚገጠም የጎማ ማሸጊያ፣ የተደፈነ የገመድ ቀዳዳ። ለውስጡ ደግሞ ቀጭን ስፖንጅ መለጠፍ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ውጦ ወፍራሙን ስለሚተወው የተናጋሪው ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸውና በጨርቅ የተሸፈኑ፣ ድምፅ የሚውጡ የፋይበር ሰሌዳዎችን ከግድግዳው ጥቂት አራርቆ መስቀል የተሻለ ነው። ሁሉንም ግድግዳ መሸፈን አያስፈልግም፤ ከሁለት ትይዩ ግድግዳዎች አንዱ፣ በተናጋሪው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳና ከራሱ በላይ ያለው ጣሪያ ቅድሚያ ይሰጣቸው። ወለሉም ምንጣፍ ይልበስ።

የክፍሉን ስፋት በግምት ከመወሰን በሜትር መደመር ይሻላል። ተናጋሪው ጥላው ከኋላው በተሰቀለው መጋረጃ ላይ እንዳያርፍ ከጀርባው ቢያንስ 1.5 ሜትር ያስፈልጋል፤ ፊቱ ሳይዛባ ከወገብ በላይ እንዲታይ ካሜራው 2.5 ሜትር ያህል ይርቃል፤ ለካሜራው ማቆሚያና ለስክሪኑ ደግሞ ግማሽ ሜትር ይያዝ። ድምሩ 4.5 ሜትር ርዝመት ይሆናል። ወርዱ 3 ሜትር ከሆነ መብራቶቹን በጎንና በጎን ለማድረግ ይበቃል።

ማይክሮፎኑ ተጠቃሚው የማይነካው መሆን አለበት። ደረት ላይ የሚሰካው ገመድ አልባ ማይክ ጥሩ ድምፅ ይሰጣል፤ ነገር ግን ባትሪው ያልቃል፣ ማብሪያው ይረሳል፣ ከሻሽና ከአንገት ጌጥ ጋር ይፋተጋል፤ ይህን ሁሉ የሚቆጣጠር ባለሙያ በሌለበት ክፍል ውስጥ አይመከርም። ከጣሪያ ወርዶ ከምስሉ ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚንጠለጠልና ወደ ተናጋሪው ደረት ያነጣጠረ ማይክ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ርቀቱ ግን ወሳኝ ነው። በማይኩና በአፍ መካከል ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን እንዳለ ይቆያል፤ ሰው ከሩቅ የሚናገር የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር እንዳያልፍ ይጣሩ። ሾትገን የሚባለው ረጅም ማይክ ለሜዳ ቀረጻ የታወቀ ቢሆንም በጠባብና ዝቅተኛ ጣሪያ ባለው ክፍል ውስጥ የግድግዳውን ነጸብራቅ በማይፈለግ ሁኔታ ስለሚቀበል፣ ሃይፐርካርዲዮይድ የሚባለውና በይበልጥ ከፊቱ የሚመጣውን ድምፅ የሚቀበለው አጭር ማይክ ይመረጣል። የድምፅ መጠኑን በተለመደ አነጋገር ከፍተኛው መቅረጫው ድምፅን ሳያበላሽ ከሚቀበልበት የመጨረሻ ወሰን 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል አስተካክለው ይቆልፉት፤ ድንገት ጮክ ብሎ ለሚናገር ሰው ደግሞ ሊሚተር (ድምፅ ከወሰኑ እንዳያልፍ የሚገታው መሣሪያ) ይብራ።

ለመብራቱ መሠረቱ የታወቀ ነው፤ ዋናው መብራት ከካሜራው 45 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን፣ ደጋፊው በሌላው ጎን ደብዘዝ ብሎ፣ ሦስተኛው ከኋላ ሆኖ ተናጋሪውን ከጀርባው የሚለይ። ሁሉም አንድ ዓይነት የቀለም ሙቀት (የብርሃኑ ቢጫነት ወይም ሰማያዊነት) ይኑራቸው፤ መስኮት ካለ ይሸፈን፤ የጣሪያው መደበኛ መብራትም ቀረጻ ሲጀመር የሚጠፋ ይሁን። ዋናው መብራት ከዓይን መስመር በቂ ከፍታ ካለው መነጽር ላይ አያብለጨልጭም። መብራቱ እንዳይርገበገብ የካሜራው የሹተር ፍጥነት (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ከኤሌክትሪኩ ጋር ይስማማ፤ 50 ኸርትዝ በሆነበት አገር 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ፣ 60 ኸርትዝ በሆነበት 1/60 ወይም 1/120 ሰከንድ ይደረጋል። የጀርባው መጋረጃ ነጭ ከሚሆን መካከለኛ ግራጫ ቢሆን ለጠቆረም ለቀላም ቆዳ ይመቻል። ማስተካከያውን ስትጨርሱ በአንድ ሰው ፊት ብቻ አትመኑ፤ የተለያየ የቆዳ ቀለም፣ የተለያየ ቁመትና መነጽር ያላቸውን ሰዎች አስቀምጣችሁ እዩ።

ካሜራው ራሱ ያን ያህል አያስጨንቅም። የብርሃን ቅበላውም ሆነ የነጭ ቀለም ሚዛኑ በእጅ ተስተካክሎ ከተቆለፈና ባለ 1080 መስመር ጥራት ምስል ከሰጠ ይበቃል። ይልቅ የሚያስቸግረው የሰው ቁመት ነው። ካሜራው በአንድ ከፍታ ከተተከለ አጭሩ ሰው ከታች፣ ረጅሙ ራሱ ተቆርጦ ይቀረጻል። በጣም ቀላሉ መፍትሔ ካሜራውን ለተቀመጠ ሰው ዓይን ከፍታ አድርጎ፣ ከፍ ዝቅ የሚል መቀመጫ ማዘጋጀትና ተናጋሪው ራሱን የሚያይበት ስክሪን ላይ የዓይን መስመር ምልክት ማድረግ ነው። መቀመጫው ሲነሣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው በዚያው ቦታ ገብቶ መቅረጽ መቻል አለበት፤ በሩም ሆነ ቁልፉ በእርሱ ልክ ካልሆኑ «ማንም የሚጠቀምበት» ልንለው አንችልም።

ስላይድ የሚያሳይ መምህር ላፕቶፑን የሚያገናኝበት አንድ ገመድ ብቻ ይኑር፤ ለተለያየ መሰኪያ የሚሆኑት መቀየሪያዎችም ከዚያው ገመድ ጋር ታስረው ይቀመጡ። ማስታወሻው የሚነበብበት ስክሪን በሌንሱ ሥር ተጠግቶ ከተቀመጠ፣ በ2.5 ሜትር ርቀት ላይ ዓይኑ ከካሜራው መራቁ ብዙም አይታወቅም። ቴሌፕሮምፕተር፣ ማለትም ጽሑፉን በሌንሱ ፊት እያንሸራተተ የሚያስነብበው መሣሪያ፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያና ልምምድ ስለሚፈልግ በመጀመሪያው ዓመት ባይገባ እመርጣለሁ።

ከሁሉ በላይ ልብ የሚሰብረው ብልሽት ተቀርጾ ያለቀ ትምህርት መጥፋቱ ነው፤ ይህም የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በፋይል አያያዝ ነው። በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚቀረጽ ቪዲዮ በደቂቃ 75 ሜጋባይት፣ በሰዓት 4.5 ጊጋባይት ይሆናል። ብዙ ፍላሽ ዲስኮች የሚዘጋጁበት ፋት 32 የሚባለው የፋይል አደራደር አሠራር ግን አንድን ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም፤ ስለዚህ አንድ ሰዓት የተናገረ መምህር ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ቀረጻው ሊቋረጥበት ይችላል። በዚያ ላይ ኤምፒ 4 ፋይል በተለመደው አሠራር ማውጫው የሚጻፈው ቀረጻው ሲቆም በመጨረሻ ነው፤ መብራት ከጠፋ ወይም ፍላሹ ቶሎ ከተነቀለ ምስሉ ሁሉ ተጽፎ ሳለ ፋይሉ አይከፈትም። ስለሆነም ቀረጻው መጀመሪያ በስቱዲዮው ኮምፒዩተር ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ ወደ ፍላሹ የሚገለበጠው ከዚያ በኋላ ይሁን፤ ለትልቁም ፋይል ፍላሹ ኤክስፋት በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ መሆን አለበት። ኮምፒዩተሩና መቅረጫው መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ከሚሰጠው ባትሪ፣ ከዩፒኤስ፣ ጋር ይገናኙ። ቁልፉ አጠገብ ያለው መብራት ሲቀረጽ ቀይ፣ ሲገለበጥ ብልጭ ድርግም የሚል ቢጫ፣ ፍላሹን መንቀል ሲቻል አረንጓዴ ይሁን፤ ቀለም መለየት የሚያስቸግረው ሰው እንዳይሳሳትም «አሁን ይንቀሉ» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይውጣ። በኮምፒዩተሩ የቀረው ቅጂ ለምሳሌ ከ7 ቀን በኋላ በራሱ እንዲጠፋ አድርጉ፤ ይህም በበሩ ላይ ተጽፎ ይታወቅ፤ የሰው ፊትና ድምፅ ያለበት ፋይል ያለ ገደብ መቀመጥ የለበትም።

ክፍሉ ሲጠናቀቅ የአጠቃቀም መመሪያውን በትላልቅ ፊደላት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ቁልፉ አጠገብ ለጥፉ። ከአንድ ገጽ ካለፈ ክፍሉ ገና አላለቀም። ከዚያ ቀርጾ የማያውቅ መምህር ጋብዙ፤ ፍላሽ ስጡትና ምንም ሳታስረዱ ከጎን ቆማችሁ ተመልከቱ። የት ቆም አለ? ምን ፈለገ? እጁን ወዴት ዘረጋ? «ይቺን ነው የምጫነው?» ብሎ ከጠየቀ መልሱን በቃል ከመንገር ይልቅ ቁልፏን ማጉላት ወይም ሌሎቹን መሸፈን ይገባል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሰው ላይም ይህንኑ ድገሙ፤ ያለ ምንም ጥያቄ ቀርጾ የሚወጣ ሰው እስኪገኝ ድረስ ስቱዲዮውን ለሁሉም አትክፈቱ። ከተከፈተም በኋላ አንድ ኃላፊ በየሳምንቱ የአንድ ደቂቃ ቀረጻ አድርጎ በጆሮ ማዳመጫ ያድምጥ፤ ማይኩ የዞረ፣ መብራቱ የተነካ ወይም ዲስኩ የሞላ እንደሆነ ተጠቃሚው ሳይደርስበት ይስተካከላል።