መኪናችሁን ቢሮ ልታደርጉ ከሆነ፦ ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ላፕቶፕ ሊገዛ የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያነሣው ፕሮሰሰሩን ነው። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው ስለ መኪናው ነው። ቤቱ ወይም ቢሮው ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ኮምፒውተሩ ይመረጣል፣ መብራቱ ከግድግዳ ይመጣል። መኪና ውስጥ እያደረ ለሚሠራ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መጀመሪያ ያለውን ኤሌክትሪክ ይቆጥራል፣ ኮምፒውተሩን በዚያ ልክ ይመርጣል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህች አንድ ነገር የሚወጣ ነው።

ሥራዬ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ነው። ከደብረ ብርሃን እየተነሣሁ መንገዱ ክፍት በሆነ ጊዜ ሁሉ በጣርማ በር በኩል ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ እወርዳለሁ፤ ወደ መንዝ እወጣለሁ፤ ሲያሻኝ እስከ እነዋሪና ዓለም ከተማ እዘልቃለሁ። የወፍጮ ቤቶችን፣ የትናንሽ ሆቴሎችንና የእህል ነጋዴዎችን ሒሳብ እዘጋለሁ። መኪናዬ የኋላ ወንበሮቹ የተነሡለት አሮጌ አባዱላ ነው። የሳንቃ አልጋ፣ ቡታጋዝ፣ ታጣፊ ጠረጴዛና ለሌሊቱ ብርድ የመንዝ ባና አለው። ፈረንጆች አርቪ ከሚሉት መታጠቢያና ማድቤት ካለው መኪና ጋር ዝምድናው ሩቅ ነው። ላፕቶፑ ላይ የሚደርሰው አቧራ፣ ብርድና መንገጫገጭ ግን ከዚያኛው ቢብስ እንጂ አያንስም።

ወደ ቁጥሩ እንግባ። ቤታችሁ ያለው ቆጣሪ በኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚቆጥር ሁሉ መኪና ውስጥም የምንቆጥረው በዋት ሰዓት ነው። የባትሪው ቮልት በአምፒር ሰዓቱ ሲባዛ መጠኑን ይሰጣል። 70 አምፒር ሰዓት የተጻፈበት የ12 ቮልት ባትሪ 840 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ሞተር ለማስነሣት የተሠራ ባትሪ ለአፍታ ከፍተኛ ጉልበት እንዲሰጥ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ በቀስ እንዲመጠጥ አልተሠራም። ደጋግሞ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ግማሹ 420 ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ ጠዋት በደብረ ብርሃን ውርጭ ሞተሩ መነሣት አለበት፣ ብርድ ደግሞ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ እኔ ሞተር ጠፍቶ ከዚህ ባትሪ ከ150 ዋት ሰዓት በላይ አልወስድም። ፈሪ ነው በሉኝ፤ በሌሊት መኪና የሚገፋልኝ ሰው ስፈልግ አልታይም።

ወጪውን ደግሞ እንይ። ሰንጠረዥ፣ ጽሑፍና ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራበት የቢሮ ላፕቶፕ በአማካይ ከ10 እስከ 15 ዋት ይስባል። ስምንት ሰዓት ቢሠራ ከ80 እስከ 120 ዋት ሰዓት ይበላል ማለት ነው። ለጌምና ለከባድ ቪዲዮ የተሠራው ግን ጠንክሮ ሲሠራ ከ100 ዋት በላይ ይስባል፤ ቻርጀሩን ገልብጣችሁ ብታዩት 180 ወይም 230 ዋት የሚል ታገኙበታላችሁ። የእኔ መኪና የሲጋራ መለኮሻ ፊውዝ 15 አምፒር ነው። በ12 ቮልት ሲባዛ 180 ዋት ይሆናል፣ ጣሪያው ያ ነው። የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበራችሁ ለመኖር ካሰባችሁ ከላፕቶፑ በፊት ሁለተኛ ባትሪ ግዙ፤ ከዲናሞው ጋር የሚያገናኘውን ሪሌና ፊውዝ ደግሞ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይሥራላችሁ። አቅም ከፈቀደ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ይሻላል። ከያዘው አብዛኛውን መጠቀም ይቻላል፣ ደጋግሞ መውረድንም ይችላል።

ሱቅ ስትገቡ ከፕሮሰሰሩ በፊት የምትጠይቁት ላፕቶፑ በዩኤስቢ ሲ፣ ማለትም አዳዲስ ስልኮች በሚሞሉበት ትንሽ ሞላላ ቀዳዳ፣ ይሞላ እንደሆነ ነው። ቀዳዳው ስላለ ብቻ አትርኩ፤ ፋይል ለማስተላለፍ ብቻ የተሠራም አለ። ይህን ያህል የምጨነቀው በኢንቨርተር ምክንያት ነው። ኢንቨርተር 12 ቮልቱን ወደ 220 ያወጣዋል፣ ቻርጀሩ ደግሞ 220ውን ተቀብሎ ወደ 20 አካባቢ ያወርደዋል። ከደብረ ሲና ሸዋ ሮቢት ለመውረድ መጀመሪያ ተመልሶ ጣርማ በር እንደ መውጣት ነው። በመውጣትና በመውረድ የሚባክነው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ሁለቱ ተደምረው ከአምስት እጅ አንዱን ሊበሉት ይችላሉ። ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሰካበትም ክፍት ከሆነ ይስባል። በሲጋራ መለኮሻው የሚሰካ የዩኤስቢ ሲ ቻርጀር ግን 12ቱን በቀጥታ ወደ 20 ያደርሰዋል።

ቻርጀሩን ስትገዙ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ፊቱ ላይ በትልቁ 100 ዋት የሚለው ብዙ ጊዜ የቀዳዳዎቹ ሁሉ ድምር ነው። የምትፈልጉት አንዱ ቀዳዳ ለብቻው 20 ቮልት በ3.25 አምፒር፣ ማለትም 65 ዋት የሚሰጥ መሆኑን ነው። ገመዱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ተራው የዩኤስቢ ሲ ገመድ የሚያሳልፈው እስከ 3 አምፒር፣ ማለትም 60 ዋት ነው፤ ከዚያ በላይ ለማሳለፍ 5 አምፒር የሚል ገመድ ያስፈልጋል። አይሱዙ ላይ የምትኖሩ ሾፌሮች ደግሞ የጭነት መኪናችሁ ባለ 24 ቮልት ሊሆን ስለሚችል ቻርጀሩ 12–24 የሚል እንዳለበት ሳታዩ እንዳትሰኩ።

እንዲህ ከሆነ መንዳት ራሱ መሙላት ይሆናል። ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ በደብረ ሲና አድርጌ ሸዋ ሮቢት እስክገባ የዲናሞው ጉልበት ባዶ የሆነውን የላፕቶፕ ባትሪ አብዛኛውን ይሞላልኛል፤ ማታ የሞተሩን ባትሪ መንካት እንኳን አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ሞዴሎቹ። ዋጋ አልጽፍም፤ ይህን ስታነቡ ተለውጦ ይጠብቃችኋል። ያገለገለ ከሆነ የምመክረው ከሦስቱ አንዱን ነው፦ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ዴል ላቲቲውድ 7490 ወይም ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡ ናቸው፣ ሦስቱም በዩኤስቢ ሲ ይሞላሉ፤ ስምንተኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለባቸውን ውሰዱ። ከዚያ ትውልድ በታች አልወርድም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። ሻጩ በስድስተኛው ላይ ዊንዶውስ 11 ጭኖ ሊያሳያችሁ ይችላል። ይሠራልም፤ ማሻሻያው ሳይቋረጥ ለመምጣቱ ግን ዋስ የሚሆን የለም። የሰው ሒሳብ የያዘ ኮምፒውተር በዚህ ላይ አይቆምም።

ከሦስቱ ልቤ ያለው ከቲ480 ጋር ነው። ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ውስጥ የተቀመጠ 24 ዋት ሰዓት፣ ሌላው ከሥሩ በእጅ የሚነቀል፣ 24፣ 48 ወይም 72 ዋት ሰዓት የሆነ። ባለ 72 ካገኛችሁ ድምሩ 96 ይሆናል፣ ለአንድ የሥራ ቀን የሚበቃ ነው። የሚነቀለው ሲያልቅ ኮምፒውተሩን ሳታጠፉ አውጥታችሁ የተሞላ ትተኩበታላችሁ፤ በዚያች ደቂቃ የውስጠኛው ይይዘዋል። ለእኔ ሕይወት ከዚህ የተሻለ አሠራር አላየሁም፤ አምራቾቹ ለምን እንደተዉት ሳስብ እናደዳለሁ። ራሙም ሁለት ቦታ ስላለው ከ8 ወደ 16 ጊጋባይት ማሳደግ ቀላል ነው። ጉድለቱ ስክሪኑ ነው፤ አብዛኞቹ ደብዛዛ ናቸው፣ ፀሐይ ላይ ቁጥር ለማንበብ ዓይን ያስጨንቃሉ። ድምቀቱ 300 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው) እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ የማያብለጨልጭ ስክሪን ያለው ካገኛችሁ ትንሽ ጨምሩበት።

ማክቡክ ኤርስ የሚለኝ አይጠፋም። ባለ ኤም1 ፕሮሰሰሩን ማለታችሁ ከሆነ ለጸሐፊ፣ ለተርጓሚና ለመምህር ከእኔው ምርጫ ሊበልጥ ይችላል፤ 30 ዋት ቻርጀር ይበቃዋል፣ አየር ማራገቢያ ስለሌለው አቧራ አይስብም። ራሙ ግን ተበይዶ የተቀመጠ ነው፤ በኋላ አይጨመርም። ፒችትሪ ደግሞ የዊንዶውስ ሰው ነው። በዚያው መንገድ ስናፕድራገን የሚባል፣ ከኢንቴል የተለየ ፕሮሰሰር ያላቸው አዳዲስ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ባትሪያቸው ቢመሰገንም፣ የቆየ ፕሮግራምና የቆየ ፕሪንተር ያለው ሰው በራሱ ፋይል ሳይሞክር አይግዛ።

ሰሜን ሸዋ ላይ ሳላነሣ የማላልፈው ከፍታውን ነው። ብዙ የኮምፒውተር አምራቾች ዕቃቸው እንዲሠራ የሚፈቅዱት ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው። ጣርማ በርና ጓሳ ከዚያ በላይ ናቸው። ይህ ቁጥር በተለይ የሚመለከተው የድሮውን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። አንባቢው ጭንቅላት ከዲስኩ ገጽ በላይ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ንብርብር ላይ ነው፣ አየሩ ሲሳሳ ወደ ዲስኩ ይቀርባል። በዚያ ላይ የመንዝን ኮረኮንች ጨምሩበት። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ የማከማቻ ዓይነት ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ስለዚህ በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ላፕቶፕ በነጻ ቢሰጣችሁም ዲስኩን ሳትቀይሩ አትንዱበት፤ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ለሒሳብና ለጽሑፍ ይተርፋል። የሳሳ አየር ሙቀትም በደንብ አይወስድም፣ ማራገቢያው ደጋ ላይ ቢጮህባችሁ አትደንግጡ።

ቁልቁለቱም የራሱ ጣጣ አለው። ጣርማ በር ላይ ያደረ ላፕቶፕ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ 1,280 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ወዲያው ብትከፍቱት የሞቀው አየር እርጥበት በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ይሆናል። ከቦርሳው ሳታወጡ አንድ ሰዓት ተዉት፤ ቡና ጠጡበት። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ሙቀቱ ከዜሮ በታች በወረደበት ሌሊት ሊቲየም ባትሪ አትሙሉ፣ ይጎዳል። እኔ ላፕቶፑን ከባናው ሥር አሳድረዋለሁ። ቆላ ስትወርዱ በተቃራኒው ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። በብዙዎቹ የቢሮ ላፕቶፖች ላይ ባትሪው 80 በመቶ ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ማስተካከያ አለ፣ ለሙቀት አገር ይረዳል።

አቧራው ሲበዛ ደግሞ ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕረሰር ማስነፋት የሚቀናቸው አሉ። አታድርጉት። የኮምፕረሰሩ አየር ውኃ ያዘለ ነው፣ ግፊቱም ማራገቢያውን ከልኩ በላይ ያሽከረክረዋል። የታችኛውን ክዳን ፈትታችሁ፣ ማራገቢያውን በጣት ይዛችሁ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት።

ሶላር ለምን አትጠቀምም ለሚሉኝ፦ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሥራዬ የሚጦፈው በሐምሌና በነሐሴ ነው። 100 ዋት የሚባለው ፓኔል በጠራ ፀሐይ 70 ቢሰጥ ደስ ይለኛል፤ የክረምቱ ደመናና ጉም ሲወርድ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። በበጋ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ነገር ነው። የእኔ ሥራ ከዝናቡ ጋር ይመጣል።

ኢንተርኔት አለ ብላችሁ በኦንላይን ብቻ በሚሠራ ፕሮግራም ላይ አትደገፉ። ሥራው በኮምፒውተሩ ላይ ይሠራ፣ ማታ ማታ በሁለት ፍላሽ ይገልበጥ፣ አንዱ ፍላሽ ከመኪናው ውጭ ይደር። የሲም ቦታ አለው ተብላችሁ ተጨማሪ እንዳትከፍሉ፤ ቀዳዳው ኖሮ ሞደሙ የሌለበት ብዙ ነው። መኪና ይሰበራል፣ ዕቃ ይወሰዳልና ሌላ ሰው ፋይላችሁን እንዳያነብ ዲስኩን የሚቆልፈውን የዊንዶውስ ፕሮ ዓይነት ምረጡ።

የቀረው የሱቁ ሥራ ነው። ስክሪኑ ቁስል እንዳለበት፣ ቁልፎቹ ሁሉ እንደሚጽፉ ማየቱን ማንም ያውቀዋል። እናንተ ሻጩን የባትሪ ሪፖርት እንዲያወጣላችሁ ጠይቁት፤ ዊንዶውስ ለዚህ የራሱ ትእዛዝ አለው፣ አንድ ደቂቃም አይፈጅም። ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጉ፦ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉ። ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ መልካም፣ ከ70 በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስ። ቲ480 ከሆነ የሁለቱንም ባትሪ ለየብቻ እዩ፤ የውጪው አዲስ ሆኖ የውስጠኛው የሞተ ይገጥማል። ከዚያ ላፕቶፑን ይዛችሁ ከሻጩ ጋር ወደ መኪናችሁ ውጡ። ሞተሩን አስነሡ፣ በራሳችሁ ቻርጀርና በራሳችሁ ገመድ ሰክታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል እየሠራችሁበት ቁጥሩ ሲወጣ ተመልከቱ። ሻጩ ከሱቅ አይወጣም ካለ ሌላ ሱቅ አለ።