ከፎቶኮፒ ወረቀት ላይ ቀለም ማስለቀቅ፣ በድሬ ውሃ

ድሬዳዋ ውስጥ ፎቶኮፒ ቤቶች የሚጥሉት ወረቀት ብዙ ጊዜ ወይ ቆሎ ይጠቀለልበታል ወይ ይቃጠላል። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ቃጫው ገና ደህና ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ በምን እንደታተመ ለዩ። ጣታችሁን አርጥባችሁ ጽሑፉን ሸት ሸት አድርጉት። ቀለሙ ከለቀቀ ኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም የሚረጭ ማተሚያ) ነው፤ ካልለቀቀ አብዛኛውን ጊዜ ሌዘር ወይም ፎቶኮፒ ነው። ይህን አትለፉት። የሌዘር ቶነር የፕላስቲክ ዱቄት ነው፤ ማሽኑ በሙቀት አቅልጦ ወረቀቱ ላይ ስለሚያጣብቀው ውሃ አያሟሟውም፣ ግን አንዴ ከተላቀቀ የአየር አረፋ ላይ ተለጥፎ ይንሳፈፋል። የኢንክጄት ቀለም ግን በጣም ደቃቅ ነው፣ ከውሃም ጋር ይስማማል፣ ስለዚህ አረፋ አይዘውም፤ ሁሉንም ግራጫ ያደርገዋል። ሁለቱን አንድ ባልዲ ውስጥ ካደባለቃችሁ ልፋታችሁ ገደል ገባ። በረኪናም አትጨርሱ፤ ቶነሩን የሚያጠቁረው ካርቦን ነው፣ አይነጣም።

የሌዘሩን ወረቀት ስቴፕሉን ነቅላችሁ ቅደዱና ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፉት። የፈላ አይሁን፣ ቶነር 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልስና ይጣበቃል። ጸሐይ ያሞቀው የሮቶ ውሃ ይበቃል። ሲርስ ውሃውን አጥልላችሁ ወፍራም እንዳለ እንደ ሊጥ እሹት፤ ቶነሩን የሚያላቅቀው ቃጫው እርስ በርሱ ሲፋተግ ነውና አትቸኩሉ። ደርሶ እንደሆነ ለማየት ቆንጠር አድርጋችሁ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በትኑና ወደ ብርሃን ያዙት። ጥቁሮቹ ቅንጣቶች ብቻቸውን ከዋኙ ደርሷል። ቃጫ ላይ ከተንጠለጠሉ ገና ነው።

ከዚያ አቅጥኑት፦ ለ1 ሊትር ውሃ 2 ኤፎር ወረቀት፣ 10 ግራም ገደማ። ትንሽ ሳሙና ፈቅፍቃችሁ አሟሙና ጨምሩ። የድሬ ውሃ ባለውለታችን የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ያ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው፣ ልብስ ስናጥብ ሳሙና የሚጨርስብን ካልሲየም፣ ከሳሙናው ጋር ተያይዞ ቶነሩን ይሰበስብልናል። ፋብሪካዎችም በሳሙና ሲሠሩ ውሃው ካልሲየም እንዲኖረው ይፈልጋሉ። ሳሙናው ግን ከዘይት ወይም ከሞራ የተሠራ ድፍን ይሁን፤ ዱቄት ሳሙና ይህን አይሠራም።

አሁን በእንቁላል መምቻ ከስር ወደ ላይ ምቱት። አረፋው ጠቆር ብሎ ሲወጣ በጭልፋ ግፈፉት፣ ደግሞ ምቱ፣ ደግሞ ግፈፉ፣ አረፋው እስኪነጣ። በወንፊት አጥልላችሁ አለቅልቁና ጸሐይ ላይ ዘርጉት።

ኢንክጄቱን ለብቻው በስስ ጨርቅ ላይ ደጋግማችሁ እጠቡት። ቀለሙ ከውሃው ጋር ይሄዳል እንጂ ወረቀቱ ጥርት ብሎ አይነጣም፤ ለካርቶን ወይም ለእንቁላል መደርደሪያ ይሁን። በሙቀት የሚታተም የሱቅ ደረሰኝ ኬሚካል ስላለው ጭራሽ አታስገቡ።

የገፈፋችሁትን አረፋ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ እንዳትደፉ አደራ፣ ፕላስቲክ ነው። ጨርቅ ላይ አጥልሉት፣ የቀረውን ጥቁር ዝቃጭ አድርቁና በፌስታል ቋጥራችሁ ከቆሻሻ ጋር አውጡት።