ጉጉት ፍለጋ ስትወጡ ያንን ጃኬት ቤት ተዉት

ብርቅዬ የጫካ ጉጉት ፍለጋ የወጣሁባቸውን የመጀመሪያ አራት ሌሊቶች ያበላሸብኝ ጃኬቴ ነው። ክንዴን ባነሳሁ ቁጥር ኮሽ ይላል። የብዙ ጉጉቶች ጆሮ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ድምፅ ከየት እንደመጣ በጨለማ የሚለዩት በዚህ ነው። ቅጠል ስር የምትሄድ አይጥ የምትሰማ ወፍ የእኔን ናይለን ትስታለች? ሹራብ ልበሱ። ቁልፍና ሳንቲም ከኪስ ይውጣ።

ፍለጋው የሚጀምረው ግን ቤት ነው። ወፏ የት ታየች? መቼ? ማን አያት? የሕንዷ ትንሽ የጫካ ጉጉት ከ1884 እ.ኤ.አ. በኋላ ለ113 ዓመት ጠፍታ በ1997 ነው የተገኘችው። በመሃል ሪቻርድ ማይነርትዛገን የተባለ ሰው «በ1914 አግኝቻታለሁ» ብሎ ነበር። ውሸቱን ነው። የተሰረቀ አሮጌ ናሙና፣ ማለትም ደርቃ የተቀመጠች ወፍ፣ ላይ አዲስ ቦታና ቀን ጽፎበት ነው። እንዲህ ዓይነት መረጃ ይዞ የወጣ ሰው የተሳሳተ ጫካ ውስጥ ይከርማል። ደግሞ ይህቺ ጉጉት ቀንም ትንቀሳቀሳለች። ስለዚህ የምትፈልጓት ወፍ በስንት ሰዓት እንደምትወጣ ቀድማችሁ እወቁ።

መጀመሪያ በቀን ሂዱ። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ነው የምጥለው። ከቅርንጫፍ ስር ነጭ ኩስ ካለ ቁሙ። አውራ ጣት የሚያህል ግራጫ ድብልብል ነገር ካገኛችሁ በእንጨት ፈልቅቁት። ውስጡ ፀጉርና ትንንሽ አጥንት ካለው፣ ጉጉት መፍጨት አቅቷት የተፋችው ነው። ትንንሽ ወፎች አንድ ዛፍ ከበው ሲንጫጩ ከሰማችሁም ቀስ ብላችሁ ተጠጉ። ብዙ ጊዜ ያ ሁሉ ጩኸት የሚወርደው ግንድ ተጠግታ በምታሸልብ ጉጉት ላይ ነው። የግንዱን እብጠት ደጋግማችሁ እዩ። እብጠቱ ዓይን ሊኖረው ይችላል።

ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቦታ ያዙና ዝም በሉ። ነፋስና ዝናብ ካለ አትድከሙ፣ ምንም አይሰማም።

የጉጉት ድምፅ በስልክ ማጫወት? አንዴ ሞክሬዋለሁ። መጣች፣ ከራሴ በላይ አንዴ ዞረች፣ ከዚያ እስኪነጋ ትንፍሽ አላለችም። ግዛቷን ሊቀማ የመጣ ሌላ ጉጉት መስሏት ነው። በመራቢያ ወቅት ከሆነ ደግሞ ጫጩቶቿን ጥላ ነው የምትመጣው። እኔ ትቼዋለሁ።

የእጅ ባትሪ ዓይኗ ላይ አታብሩ፤ ደብዘዝ ያለ ብርሃን፣ ለአጭር ጊዜ። ጎጆ ካያችሁ ራቁ። ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለራሳችሁም። እንግሊዛዊው የወፍ ፎቶ አንሺ ኤሪክ ሆስኪንግ በ1937 አንድ ዓይኑን ያጣው በጎጆዋ አጠገብ ባጠቃችው ጉጉት ነው።

ካያችኋት በኋላ የዛፉን ቦታ ካርታ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ኢንተርኔት ላይ አትልቀቁት። በማግስቱ ሃያ ሰው ከነባትሪው ስሩ ቆሞ ታገኛላችሁ።